ኮምፒውተሩ የተጠየቀው ምን ነበር? የሀሊሲንን ጥናት እንደገና ስናነበው

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት አዲስ አንቲባዮቲክ ፈለሰፈ» የሚል ዜና ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። ዜናው በየጊዜው ልብስ እየቀየረ ይመለሳል። የመጀመሪያው ትልቅ ጩኸት የተሰማው ግን በፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ የሚገኘው የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ጆናታን ስቶክስ፣ ሬጂና ባርዚላይ፣ ጄምስ ኮሊንስና ባልደረቦቻቸው «ሴል» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። በጥናቱ መሀል ያለው ውህድ ሀሊሲን ይባላል። ስሙ የተወሰደው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» በተባለው ፊልም ውስጥ ካለው ሀል ከተባለ ኮምፒውተር ነው። (ፊልሙን ላላያችሁት፦ ያ ኮምፒውተር የመንኮራኩሯን ሠራተኞች የሚገድል ነው። ለመድኃኒት ስም ሲመረጥ ይህን ያሰበ ሰው ነበር ወይ ብዬ እስከ ዛሬ እገረማለሁ።)

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። አሁንም ሁለተኛ ዲግሪዬ ላይ ነኝ። ጥናቱን ያነበብኩትም አንድ ማሽን ሲሰጠኝ በማየው ዓይን ነው፦ ምን ገባበት፣ ምን ወጣበት፣ በመሀል ምን ተጣለ? በዚህ ዓይን ስታነቡት ሁለት ነገር ይለያል። ጥናቱ ጥሩ ነው። ስለ ጥናቱ የተነገረው ታሪክ ግን መጥፎ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ መካከል «ኮምፒውተር ተምሬ መድኃኒት እሠራለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው ካለ፣ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው።

መጀመሪያ ስለ ጠላታችን ትንሽ። በአማርኛ «መድኃኒት መላመድ» የምንለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። «ሰውነቴ አሞክሳሲሊን ስለለመደ አይሠራልኝም» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? መድኃኒቱን የሚቋቋመው ሰውነታችን ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። እሱም ቢሆን እንደ ሰው ቀስ ብሎ አይለምድም። ከሚሊዮኖቹ መካከል በአጋጣሚ መድኃኒቱ የማይገድላቸው ጥቂቶች ይተርፋሉ፤ ሌሎቹ ሲያልቁ ሜዳው ለእነሱ ይለቀቃል፤ ይራባሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ መቋቋሚያውን ጂን ለጎረቤት ማቀበላቸው ነው። ፕላዝሚድ በምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ጭነው፣ ዝርያው ለማይመሳሰል ባክቴሪያ ጭምር ይሰጣሉ።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። በ2022 «ላንሴት» ላይ የወጣ ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚለው፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሞቷል። ከሕዝብ ብዛት ጋር ሲነጻጸር የሞቱ መጠን ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው ምዕራባዊ አፍሪካ ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱ አሲኔቶባክተር ባውማኒ ይባላል። ደረቅ ነገር ላይ፣ የአልጋ ብረት ላይ፣ የመሣሪያ እጀታ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የሚያጠቃውም አስቀድሞ የደከመውን ሰው ነው፦ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለውን፣ ትልቅ ቁስል ያለበትን። ካርባፔነም የተባሉትን ጠንካራ አንቲባዮቲኮች የሚቋቋመውን የዚህን ባክቴሪያ ዝርያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ዝርዝር «እጅግ አሳሳቢ» ከሚለው ምድብ አስቀምጦታል፤ በ2024ቱ ዝርዝርም ከዚያው አልወረደም።

እንግዲህ ወደ ጥናቱ እንግባ።

ተመራማሪዎቹ 2,335 ሞለኪውሎች ሰበሰቡ። አብዛኞቹ የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው፤ ከተፈጥሮ የተገኙ ውህዶችም ተጨምረውበታል። እያንዳንዱን ኢ. ኮላይ ከተባለ ባክቴሪያ ጋር ቀላቅለው አዩት። የባክቴሪያውን እድገት 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰው 1 ተባለ፤ ያልቀነሰው 0። ከሁሉም 1 ያገኙት 120 ብቻ ናቸው። ይህችን ሠንጠረዥ ለኮምፒውተር ሞዴል አስተማሩት። ሞዴሉ ሞለኪውልን የሚያየው እንደ መረብ ነው፦ አተሞቹ ቋጠሮ ናቸው፣ ቦንዶቹ ደግሞ ቋጠሮ የሚያገናኙ ክሮች። እያንዳንዱ አተም ከጎረቤቱ መረጃ እየተቀባበለ መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ይህ ሞለኪውል ባክቴሪያውን የማስቆም ዕድሉ ስንት ነው የሚል።

የተማረውን ሞዴል ከዚያ 6,111 ገደማ ሞለኪውሎች ወዳሉበት ሌላ ስብስብ ወሰዱት። እነዚህ ለተለያየ በሽታ የተጠኑ፣ አንዳንዶቹም በጥቅም ላይ ያሉ ናቸው። ሞዴሉ ከፍተኛ ነጥብ ከሰጣቸው 99ኙን ላብራቶሪ ውስጥ ሞከሩ፤ 51ዱ እውነትም ባክቴሪያውን አስቆሙ። እዚህ ላይ አንድ የወደድኩት ነገር አለ፦ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙትን 63 ሞለኪውሎችም ሞክረዋል። ከእነሱ የሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ብዙ የማሽን ለርኒንግ ሥራ «ጥሩ ነው ያልኩት ጥሩ ሆነ» ብሎ ያቆማል። «መጥፎ ነው ያልኩትስ መጥፎ ነው ወይ?» ብሎ ገንዘብ አውጥቶ መፈተሽ ሐቀኝነት ነው።

ከ51ዱ ውስጥ ደግሞ በቅርጹ ከታወቁት አንቲባዮቲኮች የራቀውን፣ በግምትም መርዛማነቱ ዝቅ ያለውን ፈለጉ። የቀረው ኤስዩ3327 የሚባል፣ ለስኳር በሽታ ታስቦ ተጠንቶ በዚያ መንገድ ሩቅ ያልሄደ ውህድ ነው። አዲስ ስም አወጡለት። ሀሊሲን።

ቆይ ግን። ይህ «መፈልሰፍ» ነው?

ሀሊሲንን ማንም አልነደፈውም፤ ቢያንስ ኮምፒውተሩ አልነደፈውም። ኬሚስቶች ከዓመታት በፊት ለሌላ ጉዳይ ሠርተው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡት ነው። ቤት ተከራይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይገባችኋል፦ ሞዴሉ ግንበኛ ሳይሆን ደላላ ነው። ከስድስት ሺህ ቤቶች ውስጥ የትኞቹን መቶ ማየት እንዳለባችሁ ያውቃል። ጎበዝ ደላላ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ጊዜ ያተርፋል፣ ጫማ ያተርፋል። ቆየት ብለው ከ107 ሚሊዮን በላይ ሞለኪውሎች ባሉበት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥም ፈልገውበታል፤ ከዚያ 23 መርጠው ሲሞክሩ ስምንቱ ሠርተዋል። ያን ሁሉ በእጅ መሞከር የሚታሰብ አይደለም። ይሁንና ዜናው የደላላውን ኮሚሽን ትቶ የግንበኛውን ደመወዝ ከፈለው።

አዲስነቱም በልክ ይሁን። በማሰልጠኛው ሠንጠረዥ ውስጥ በቅርጹ ለሀሊሲን የሚቀርበው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሜትሮኒዳዞል። አዎ፣ ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዝልን፣ አፍ የሚያመርረው ያው ኪኒን። ዝምድናቸው የሩቅ ነው፣ መንትዮች አይደሉም። ነገር ግን ሁለቱም ቀለበታቸው ላይ ናይትሮ የሚባል የናይትሮጅንና የኦክስጅን ስብስብ ተሸክመዋል። መድኃኒት የሚሠሩ ኬሚስቶች ናይትሮ ሲያዩ ጠጋ ብለው ነው የሚመረምሩት፤ ሰውነት ውስጥ ሲቀየር ዲኤንኤ የሚጎዳ ነገር ሊወጣው ይችላል። ይህ ሀሊሲንን ውድቅ አያደርገውም፤ ሜትሮኒዳዞልም ስንት ሰው አድኗል። ቢሆንም «ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ» ሲባል ጆሯችሁን ቆም አድርጉ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ኮምፒውተሩ የተጠየቀው ጥያቄ «ይህ ነገር ሳህን ላይ ያለ ኢ. ኮላይን ያስቆማል?» የሚል ነው። በቃ። በረኪናም በዚህ ፈተና 1 ያገኛል። ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ማግኘት ከባድ ሆኖ አያውቅም፤ ከባዱ ባክቴሪያውን ገድሎ ሰውየውን የማይነካ ነገር ማግኘት ነው። ሞዴል ደግሞ ካልተጠየቀው በላይ አያውቅም። መርዛማነትን የገመቱት በሌላ ሞዴል፣ በሌላ ዳታ ነው። ይህም የሚጠቅም ማጣሪያ ቢሆንም፣ ግምት ነው።

ሀሊሲን የሚገድልበትን መንገድ ስታዩ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ባክቴሪያ ጉልበት የሚያገኘው እንደ ኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሽፋን ውጭ ያጠራቅማል፤ እነሱ ተመልሰው ሲገቡ እንደ ተርባይን የሚሽከረከር ኢንዛይም ያዞራሉ፤ ተርባይኑ ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ ያመርታል። ሀሊሲን በሽፋኑ ውጭና ውስጥ መካከል ያለውን የፕሮቶን ክምችት ልዩነት ያፈርሳል። ማለትም ተርባይኑን አይሰብርም፤ ግድቡን ያሾልከዋል። በጣም ቆንጆ ዒላማ ነው፤ ባክቴሪያው አንድ ፕሮቲን ለውጦ በቀላሉ አያመልጥም። ችግሩ እኛም ግድብ አለን። በየሕዋሳችን ያሉት ማይቶኮንድሪያዎች በዚሁ ስልት ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ጥያቄው «ይገድላል ወይ?» መሆኑ ይቀርና «የእነሱን ግድብ በሚያሾልክበት መጠን የእኛን ይተዋል ወይ?» ይሆናል። መሐንዲስ «የደኅንነት ኅዳግ» የሚለው ይህንን ነው፤ የድልድይ ምሰሶ ሲሰላ ከሚሸከመው ጭነት በላይ የሚተወውን ትርፍ።

የአይጦቹ ሙከራስ? ሁለት ነበሩ። አንደኛው ላይ የአይጥ ቆዳ ቆስሎ በአሲኔቶባክተር እንዲበከል ተደረገ፤ የተመረጠው ዝርያ የታወቁትን አንቲባዮቲኮች ሁሉ የሚቋቋም ነበር። ሀሊሲን ያለበት ቅባት ተቀባ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ቁስሉ ጸዳ። ሁለተኛው ላይ ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ነው፤ ሀሊሲን በአፍ ተሰጠ፤ ሠራ። ሁለቱም ደስ የሚሉ ውጤቶች ናቸው። ግን ልብ በሉ፦ በሁለቱም መድኃኒቱ የተቀመጠው በሽታው ባለበት ቦታ ላይ ነው። ቁስል ላይ በቅባት፣ አንጀት ውስጥ በአፍ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ በመሣሪያ የሚተነፍሰው ሰው ግን ባክቴሪያው ያለው ሳንባው ውስጥ ነው። መድኃኒቱ እዚያ እንዲደርስ ደም ውስጥ መሟሟት፣ በደም ፕሮቲኖች ተጣብቆ አለመቅረት፣ በጉበት ሳይፈርስ ማለፍ፣ ከዚያም ሳንባ ላይ በበቂ መጠን መገኘት አለበት። በ1ና በ0ዋ ሠንጠረዥ ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም።

ተመራማሪዎቹ ይህን አልደበቁም። የጻፉት የሠሩትን ነው፤ አንባቢው ነው «ቅባት» የምትለዋን ቃል ዘሎ «ሁሉን የሚቋቋመውን ባክቴሪያ ገደለ» የሚለውን ይዞ የሄደው።

ስለ መላመዱ ሙከራም አንድ ነገር ልበል። ኢ. ኮላይን ለ30 ቀን ከሀሊሲን ጋር አኖሩት፤ መላመድ አላሳየም። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከተባለው (በብዛት «ሲፕሮ» ከምንለው) ጋር የኖረው ግን በቀናት ውስጥ መላመድ ጀምሮ በ30ኛው ቀን 200 እጥፍ ያህል የሚቋቋም ሆነ። ልዩነቱ አስደናቂ ነው። ሆኖም ያ ብልቃጥ ጎረቤት የሌለበት ነው፤ በውስጡ ያለው አንድ ዝርያ ብቻ ስለሆነ ጂን የሚያበድረው የለም። ሆስፒታል እንዲህ አይደለም። ኤንዲኤም የሚባለው፣ ካርባፔነሞችን የሚቆራርጥ ኢንዛይም የሚሠራው ጂን የተለየው በ2008 ስዊድን ውስጥ፣ ቀደም ሲል ህንድ ሆስፒታል ተኝቶ ከነበረ ታካሚ ላይ ነው፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በብዙ አህጉር ተገኘ። ያንን ያሰራጨው አንድ ባክቴሪያ በብልቃጥ ውስጥ ቀስ ብሎ ተለውጦ አይደለም፤ ጂኑ ከዝርያ ዝርያ እየተዘዋወረ ነው።

ታዲያ የተሻለ ጥያቄ ምን ይመስላል? እዚህ ላይ ከሀሊሲን ይልቅ እኔ የምወደውን፣ ግን ጋዜጣ ላይ ብዙ ያልወጣ ሥራ ላሳያችሁ።

እንደ ኢ. ኮላይና አሲኔቶባክተር ያሉት፣ ግራም ኔጌቲቭ የምንላቸው ባክቴሪያዎች ሁለት ሽፋን አላቸው። የውጭኛው በስብና በስኳር ሰንሰለት የተለሰነ አጥር ነው። በዚያ ላይ ፖሪን የሚባሉ ጠባብ በሮች አሉ። በሩን አልፎ የገባውን ደግሞ መልሰው የሚተፉ ፓምፖች ይጠብቁታል። ብዙ ጥሩ ውህዶች የወደቁት ዒላማቸውን መምታት አቅቷቸው ሳይሆን አጥር ላይ ቀርተው ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ፖል ኸርገንሮተርና ቡድኑ በ2017 «ኔቸር» ላይ ያወጡት ሥራ የጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነበር። ከ180 በላይ ውህዶችን ወስደው «ገደለ ወይ?» አላሉም። «ውስጥ ስንት ተጠራቀመ?» ብለው ለኩ። ጥያቄው ሲቀየር ሕግ ብቅ አለ፦ በቀላሉ የሚደረስበት፣ ቻርጅ የሚይዝ አሚን የሚባል የናይትሮጅን ጫፍ ያለው፣ ግትር የሆነ (እንደ ገመድ የማይወዛወዝ)፣ ጠፍጠፍ ያለ ሞለኪውል የተሻለ ይገባል። ከዚያ ሕጉን ፈተኑት። ዲኦክሲናይቦማይሲን የሚባል፣ አንድ ሽፋን ያላቸውን ብቻ የሚገድል የቆየ ውህድ ላይ አሚን ገጠሙለት፤ ግራም ኔጌቲቮችንም መግደል ጀመረ።

ይሄ ነው ንድፍ። ለምን እንደሠራ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ነገ ሌላ ውህድ ላይ ልትደግሙት ትችላላችሁ። የሀሊሲን ሞዴል ግን ነጥብ ይሰጣል እንጂ ምክንያት አይነግርም።

ወደ ታካሚ የደረሰም ምሳሌ አለ። ሺዮኖጊ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው፣ በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሴፊዴሮኮል ነው። ሰውነታችን ብረት ማዕድንን (አይረንን) ደብቆ ነው የሚያስቀምጠው፤ ባክቴሪያው ደግሞ ያለ እሱ አያድግም። ስለዚህ ብረት የሚለቅሙ ትንንሽ ሞለኪውሎች ወደ ውጭ ይልካል፤ ለቅመው ሲመለሱ ልዩ በር ከፍቶ ያስገባቸዋል። ሴፊዴሮኮል የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነ አንቲባዮቲክ ነው፤ ግን ብረት የሚይዝ ክንድ ተገጥሞለታል። ባክቴሪያው ስንቅ የመጣለት መስሎት በገዛ በሩ ጎትቶ ያስገባዋል። ዳቦ ውስጥ የተደበቀ የአይጥ መርዝ በሉት። እርግጥ እሱንም የተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ታይተዋል። ንድፉ ግን የጀመረው ከበሩ ነው፤ ለዚህ ነው የማደንቀው።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ፤ ፍትሐዊ ለመሆን። የኮሊንስ ላብራቶሪ እዚያው ቆሞ አልቀረም። በ2023 አባውሲን የሚባል፣ አሲኔቶባክተርን ለይቶ የሚያጠቃ ውህድ በተመሳሳይ ፍለጋ ተገኝቷል። በኦገስት 2025 ደግሞ ሞዴሎቹ መደርደሪያ መፈለግ ትተው ራሳቸው ሞለኪውል መሣል ጀመሩ፤ ከ36 ሚሊዮን በላይ ውህዶች። አሁን «ነደፈ» የሚለው ቃል ተገቢ ነው፤ እኔም አልከራከርም። ከዚህ ሥራ ሁለት ውህዶች ጎልተው ወጡ፦ የጨብጥን ባክቴሪያ የሚገድለው ኤንጂ1 እና መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ የሚገድለው ዲኤን1። ሁለቱም አይጥ ላይ ሠርተዋል።

ከዚህ ጥናት በጣም የሚያስተምረው ግን እንደገና ዜናው የዘለለው ቁጥር ነው። በጨብጡ በኩል ተመራማሪዎቹ 80 ውህድ መርጠው ኬሚካል ሠርተው ለሚሸጡ ድርጅቶች «ይህን ልትሠሩልን ትችላላችሁ?» አሉ። ከ80ው ሊሠሩ የቻሉት ሁለት ናቸው። ሁለት! ከሁለቱ አንዱ ነው ኤንጂ1። ኮምፒውተር ላይ የሣለውን ዕቃ ወደ ቶርኖ ቤት ይዞ የሄደ ተማሪ ይህን ያውቀዋል፦ ድሮዊንጉ ያምራል፣ ልኩ ትክክል ነው፣ ቶርኖው ላይ ያለው ሰውዬ ግን አይቶ ይስቃል፤ መቁረጫው እዚያ ጥግ ውስጥ መግባት አይችልማ። ሞዴሉ እንዲህ ያለ ሞለኪውል የሣለው ስለ ደነዘዘ አይደለም፤ «ሊሠራ የሚችል» የሚለው መስፈርት ከሌሎቹ ጋር እኩል ክብደት ይዞ ስላልቀረበለት ነው እንጂ። በስታፊሎኮከሱ በኩል ነገሩ ተሽሏል፤ 22 ተሠርተው ስድስቱ ጠንካራ ሆነው ተገኙ። መጻፍ የሚገባው ትልቁ ዜና ለእኔ የእነዚህ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ነው።

አንድ በሞለኪውል ንድፍ የማይፈታ እንቅፋትም አለ፤ አጠር አድርጌ ልለፈው። ፕላዞማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አለ። ባክቴሪያዎች የእሱን ቤተሰብ መድኃኒቶች የሚያከሽፉት በኢንዛይም ሞለኪውሉ ላይ ትርፍ ነገር እየለጠፉ ነው፤ ኬሚስቶች የሚለጠፍባቸውን ቦታዎች ሸፍነው ሠሩት። ጥሩ ንድፍ ነበር። በጁን 2018 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የሠራው ኩባንያ አኬኦጀን በኤፕሪል 2019 ኪሳራ አወጀ። አዲስ አንቲባዮቲክ ለክፉ ቀን ተብሎ ይቀመጣል፣ የሚሰጠውም ለጥቂት ቀናት ነው፤ እንደ ግፊት ኪኒን ዕድሜ ልክ አይዋጥም። ስለዚህ ሽያጭ የለም። እንግሊዝ በ2022 ሌላ ነገር ሞክራለች፦ ለሴፊዴሮኮልና ለአንድ ሌላ አንቲባዮቲክ ስንት ብልቃጥ ተጠቀመች ሳይባል ለእያንዳንዳቸው በዓመት እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ትከፍላለች፤ እንደ እሳት አደጋ ብርጌድ፣ ቤት ባይቃጠልም ደመወዝ አለ። የሀብታም አገር መፍትሔ ነው።

የእኛስ? በ2022 ጋርድፒ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሴፊዴሮኮል ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ጨምሮ ለ135 አገሮች በርካሽ እንዲመረት ከሺዮኖጊ ፈቃድ አግኝቷል። እሰየው። አሁን ግን የአጠቃቀም መመሪያውን አንብቡት፦ ብልቃጡ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። የተለመደው አሰጣጥ በየስምንት ሰዓቱ በደም ሥር፣ እያንዳንዱ ዙር ሦስት ሰዓት የሚፈስ ነው። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነ፣ የቱን እንደሚቋቋም የሚለይ ላብራቶሪ ያስፈልጋል። በሩን በዚያ ብልሃት የከፈተው ንድፍ ስለ መብራት መጥፋት አልተጠየቀም፤ ስለ ነርሷ እጅ፣ ስለ አልጋው እጥረትም አልተጠየቀም።

የተጠየቀበትም አለ። ከኤንጂ1 ጋር አንድ ዓይነት በሽታ፣ ጨብጥን የሚመለከት ነው፤ ዞሊፍሎዳሲን ይባላል። ወደ መጨረሻው የሰው ሙከራ ያደረሰው ይኸው ጋርድፒ ነው። በሙከራው 930 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከአምስቱ አገሮች ደቡብ አፍሪካና ታይላንድ ይገኙበታል። ውጤቱም በመርፌና በኪኒን ከሚሰጠው ከተለመደው ሕክምና እንደማያንስ አሳየ። አሰጣጡ እንዲህ ነው፦ ዱቄቱ ውኃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ ታካሚው እዚያው ይጠጣዋል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። መርፌ የለም፤ «ነገ ተመለስ» የለም፤ ግማሹን ውጦ ግማሹን ለጎረቤት ማስቀመጥም የለም።

ኤንጂ1 ደግሞ ጥናቱ ሲታተም ፋሬ ባዮ በተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ኬሚስቶች እጅ ነበር፤ ለቀጣዩ ሙከራ እንዲመች ሞለኪውሉን እየቀያየሩት ነው ተብሏል። ስለ እሱ አዲስ ዜና ሲወጣ እኔ መጀመሪያ የማየው ስንት ሚሊዮን ሞለኪውል እንደተሣለ አይደለም፤ በአፍ ይሰጣል ወይስ በደም ሥር የሚለውን መስመር ነው።